ስለ ኤሌክትሪክ ሒሳብ ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች የቀረበ ምክር

የዘመኑ ሥልጣኔ ለቤታችን ካመጣው ጥቅም አንዱ ኤሌክትሪክ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በምድጃ ላይ የሚነደውን እሳት በዓይናችን እያየን ስንጠነቀቅ፣ በሽቦ ውስጥ ተሰውሮ የሚሄደውን ባለማየታችን ብቻ እንዘነጋዋለን። ስለዚህ የኤሌክትሪክን ፍሰትና ኀይል አስልቶ ማወቅ ቤተ ሰብን ከቃጠሎ ለማዳን እንዴት እንደሚረዳ በዚህ ሳምንት ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድመን ነገሩን በአዋሽ ወንዝ እንመስለዋለን። አዋሽ ከደጋ ተነሥቶ የአፋርን ምድር እያጠጣ ይወርድና፣ ባሕር ሳይደርስ ከገላፊ በስተ ደቡብ በድንበሩ ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በመንገዱም በቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 43 ሺሕ ኪሎዋት ያህል ኀይል እንዲሰጥ ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ኀይል የሚገኘው ከሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ውሃው ከሚወርድበት ከፍታና ከሚወርደው ውሃ ብዛት ነው። በሽቦም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ከፍታውን የሚመስለው ግፊት በቮልት፣ ብዛቱን የሚመስለው ፍሰት በአምፔር ይለካል። ቮልቱ በአምፔሩ ቢባዛ ኀይሉ በዋት ይገኛል። ቮልቱ ለአምፔሩ ቢካፈል ደግሞ ዕቃው ፍሰቱን የሚገታበት እንቅፋት በኦም ይገኛል። ኦም የተባለውም የጀርመን አገር ሊቅ የነበረው ጌዮርግ ኦም ነገሩን መርምሮ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ስላወጣ በስሙ ተጠርቶ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አበቅቴን ካወቀ፣ ከ30 ላይ አንሥቶ መጥቅዕን ያገኛል። በዚህም ሒሳብ ከአራቱ ሁለቱ የታወቁ እንደሆነ የቀሩት ሁለቱ አይሰወሩም።

እነሆ ምሳሌ። በ220 ቮልት የሚሠራ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ቢስብ፣ ኀይሉ 3,520 ዋት፣ እንቅፋቱም 13.75 ኦም ነው። ግፊቱ ወደ 180 ቮልት ቢወርድስ? የምጣዱ እንቅፋት እምብዛም ስለማይለወጥ ፍሰቱ 13.1 አምፔር፣ ኀይሉም 2,356 ዋት ያህል ይሆናል። ግፊቱ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይሞላ ቢጎድል፣ ኀይሉ ሲሦውን አጣ ማለት ነው። እንግዲህ እንጀራው ዐይን አላወጣም ብላ እመቤት ጋጋሪዋን ከመቆጣቷ በፊት ቮልቱን ታስለካ። ይህ ስሌት ለምጣድ፣ ለካውያና ሙቀት ለሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ነው፤ ሞተር ላላቸው እንደ ማቀዝቀዣ ላሉት ግን ሌላ ሒሳብ ስለሚጨመርበት ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሽቦም ራሱ እንቅፋት አለው፤ በውስጡ የሚፈጠረውም ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደ ገና በኦሙ ሲባዛ ይገኛል። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ርቆ ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 40 ሜትር ነውና እንቅፋቱ 0.46 ኦም ያህል ነው። የምጣዱ 16 አምፔር ሲያልፍበት 118 ዋት በሽቦው ላይ ይቃጠላል። እንደ ገላፊ ባለ ቆላ ሽቦው 45 ዲግሪ ቢደርስ ደግሞ እንቅፋቱ 0.50 ኦም፣ ሙቀቱም 128 ዋት ይሆናል፤ አየሩም ሞቃት ስለሆነ ሽቦው ቶሎ አይበርድም። አምፔሩ እጥፍ የሆነ እንደሆነ ሙቀቱ አራት እጥፍ መሆኑን ማስተዋል ያሻል።

ወደ ጅቡቲ በገላፊ በኩል የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች በ24 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ብዙ ሰው 24 ቮልት አይገድልምና ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። 240 ዋት የሚወስድ ዕቃ በ220 ቮልት 1.1 አምፔር ገደማ ሲበቃው፣ በ24 ቮልት 10 አምፔር ይፈልጋል፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚፈጠረውም ሙቀት ከ80 እጥፍ ይበልጣል። ሰውን የማይገድል ቮልት መኪናን ከነጭነቱ ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከድሬ ዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው መስመር በ230 ሺሕ ቮልት የተዘረጋውም፣ ግፊቱ ሲበዛ አምፔሩ ስለሚያንስ፣ በመንገድ የሚባክነውም ኀይል ስለሚቀንስ ነው።

ስለዚህ የቤት ጌታ ሁሉ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ለ220 አካፍሎ አምፔሩን ይወቅ። ሁለተኛ፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ የሚሰኩትን ደምሮ ከተፈቀደው ጋራ ያስተያይ፤ 16 አምፔር ከሚስብ ምጣድ ጋራ 5 አምፔር የሚስብ ካውያ ቢሰካ 21 ይሆናልና፣ 10 አምፔር የተጻፈበት ዲቫይደር ምጣዱን ብቻውን እንኳ አይችለውም። ሦስተኛ፣ ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በወፍራም ሽቦ አይተካው። ፊውዝ የቤት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው አደጋ አለ ብሎ ቢጮህ አፉን ማፈን የቤቱን ጥፋት መጋበዝ ነው።

ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ልጅ በቤቱ ያለ ሰው ይህን ሥራ ለልጁ ይስጠው። ልጁ ትምህርቱን ያጸናበታል፤ ወላጆቹም ሌሊቱን ያለ ስጋት ያድራሉ።