አስጎብኚው የዘለላቸው ሙታን

“የሞተ ተጎዳ” ይላል ያገራችን ሰው። ሌላው ሁሉ ያልፋል፣ ይረሳል፤ የሞተው ግን በቃ፣ ቀረ። እኔ ደግሞ ባለፈው ክረምት፣ ሰው ከሞተም በኋላ እንደገና ሊጎዳ እንደሚችል አይቼ መጣሁ። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ለአንድ ወር ሥልጠና ፈረንሳይ ሀገር ናንሲ ከተማ ሳለሁ፣ ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር በአውቶቡስ ወደ ቬርዱን የጦር ሜዳ ለጉብኝት ሄድን። ከመካከላችን አፍሪካዊ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳልደብቅ ልናገር፣ የሄድኩት ደስ ብሎኝ አልነበረም። የጦር ሜዳ ጉብኝት ሲባል ሞትን በቲኬት መሸጥ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ያህል ሰው የረገፈበት ቦታ ቆሞ ፎቶ መነሳት፣ ከዚያ ደግሞ ሳንድዊች መብላት ነውር አይደለም እንዴ?

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቬርዱን ውጊያ የተጀመረው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1916 ጀርመኖች በከፈቱት የመድፍ ድብደባ ነው። እስከ ዲሴምበር 18 ዘለቀ፤ አሥር ወር ገደማ ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን የሞቱትና የገቡበት ያልታወቀው ወደ 300,000 ይገመታሉ። ይህ ሁሉ ሰው አልቆ፣ በመጨረሻ ግንባሩ መጀመሪያ ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም።

አስጎብኚያችን ጎልማሳ ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሥራውን ያውቃል። መጀመሪያ ያወረደን ፍለሪ በምትባል መንደር ነው። መንደር ስል ግን ቤት የለም። ከጦርነቱ በፊት ወደ 400 ሰው ይኖርባት ነበር። በውጊያው ጊዜ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እጅ ስትገባ ቆይታ ጨርሳ ጠፋች። ዛሬ ያለው ዛፍና ጎድጓዳ መሬት ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ ሁሉ መድፍ የቆፈረው ነው። የማን ቤት የት እንደነበረ፣ ዳቦ ጋጋሪው የት ይሠራ እንደነበረ የሚያመለክት ምልክት ተተክሏል። የሚገርመው፣ ነዋሪ የሌላት መንደር ዛሬም ከንቲባ ይሾምላታል። አስጎብኚው “ከመንገዱ እንዳትወጡ፣ ያልፈነዳ ጥይት አሁንም አፈሩ ውስጥ አለ” አለንና ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። እዚያች ጋ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። መጽሐፍ ላይ ቁጥር የነበረው ነገር እግሬ ስር ሆነ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዞህ ሲሄድ፣ ጉብኝት ትምህርት መሆን እንደሚችል አመንኩ።

ቀጥለን ዱዎሞን ወደሚባለው የዐፅም ማረፊያ ሕንጻ ሄድን። ከግድግዳው በታች በኩል ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ ጎንበስ ብለህ ስታይ የሰው አጥንት ተከምሯል። ማንነታቸው ያልታወቀ ወደ 130,000 የሚሆኑ ወታደሮች ዐፅም ነው፣ ፈረንሳዩ ከጀርመኑ ሳይለይ። በ1984 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሚተራንና የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮል እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙት እዚሁ ግቢ ነው። አስጎብኚው ይህን በደንብ ነገረን።

ከሕንጻው ፊት ለፊት ከ16,000 በላይ የፈረንሳይ ወታደሮች መቃብር አለ። አብዛኛው መስቀል ነው። በአንድ በኩል ግን መስቀል የሌለባቸው፣ አቅጣጫቸው ወደ መካ የሆነ የሙስሊሞች መቃብሮች አየሁ። “እነዚህስ ከየት የመጡ ናቸው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ከቅኝ ግዛት” አለኝና ሰዓቱን አይቶ ወደ አውቶቡሱ አመራ።

ቀጥሎ የቮ ምሽግ ነበር። እዚህ ላይ ስለ አንዲት እርግብ ተረከልን። በጁን 1916 ምሽጉ ሲከበብ አዛዡ ሻለቃ ሬናል የመጨረሻዋን እርግብ መልእክት አስይዞ ላካት። ታሪኩ ያሳዝናል፤ ከመካከላችን ዓይኗን የጠረገች ልጅም አለች። አስጎብኚው ለእርግቧ አሥር ደቂቃ ሰጣት። እርግቧ ላይ ቂም የለኝም፤ አሥር ደቂቃዋን ግን ያዙልኝ።

በመጨረሻ የዱዎሞን ምሽግ ገባን። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1916 ጥቂት ጀርመኖች ያለ ብዙ ተኩስ ይዘውት ነበር። ሜይ 8 ቀን ውስጡ በደረሰ ፍንዳታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጀርመኖች አለቁ፤ ብዙዎቹ እዚያው ግድግዳ ተገንብቶባቸው ቀሩ። አስጎብኚው ግድግዳው ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ነው የተናገረው። “ጠላት” የሚል ቃል እንኳ ከአፉ አልወጣም። ጎበዝ! አልኩ በልቤ። ከዚያ “ኦክቶበር 24 ቀን የፈረንሳይ ጦር ምሽጉን አስመለሰ” አለ፤ አለቀ። ወደ አውቶቡስ ተመለስን።

ማታ ማደሪያዬ ገብቼ አነበብኩ። ለካ የዚያን ቀን ምሽጉን ያስመለሰው የሞሮኮ ቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት የሚባለው ጦር ሲሆን፣ ከጎኑ ተሰልፈው የነበሩት የሴኔጋል ተኳሾችና የሶማሊ ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። “የሴኔጋል” ይባሉ እንጂ ከመላው የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ የተሰበሰቡ ነበሩ። የሶማሊው ሻለቃ ደግሞ የተመለመለው ያኔ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ከምትባለው፣ ከዛሬዋ ጂቡቲ ነው። ጂቡቲ! የባቡር ሐዲዳችን መጨረሻ! እነዚያ ሰዎች ከሙቀት አገር ተነስተው ያን ጭቃና ብርድ ተሻግረው፣ እኔ በቆምኩበት ኮሪደር አልፈዋል። እኔም በዚያው አልፌ ስማቸውን ሳልሰማ ተመለስኩ።

የምለው እንግዲህ ይሄ ነው። የጦር ሜዳ አስጎብኚ ከታሪክ መምህር የሚለየው፣ ጎብኚው ሌላ ነገር ላያነብ ስለሚችል ነው። ያን ቀን የሰማውን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ለልጁም ያንኑ ይነግራል። ስለዚህ አስጎብኚው የዘለለው ሰው ለዚያ ጎብኚ ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው። ሁለቴ መጎዳት ያልኩት ይህንን ነው።

“ሰዓት አይበቃም” የሚል ሰው ይኖራል። እሺ፣ እውነት ነው፤ ሁሉን መናገር አይቻልም። ግን ለእርግብ አሥር ደቂቃ የተረፈው ሰው ለሰው ሁለት ደቂቃ አያጣም። “ጎብኚው ከፍሎ የሚመጣው የራሱን አያት ታሪክ ሊሰማ ነው” የሚልም አለ። ይሄም ሐቅ ነው፤ አውቶቡሱን የሚሞሉት በአብዛኛው አውሮፓውያን ናቸው። ነገር ግን ያ ሰው የጀርመኖቹን ግድግዳ ሲያሳየን የመረጠው ገበያውን አይደለም፤ ሕሊናውን ነው። ለትናንት ጠላት የተዘረጋ ሕሊና አብሮ ለተዋጋ አፍሪካዊ የሚያጥርበት ምክንያት አይገባኝም። ፈረንሳይ ራሷ በ2006 እዚያው ዱዎሞን አጠገብ ለሙስሊም ወታደሮች መታሰቢያ አቁማለች። ድንጋዩ ቆሞ ሳለ አፍ ለምን ይዘለዋል?

ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። እኔም “ከቅኝ ግዛት” ሲለኝ “ከየትኛው?” ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው መሃል ላለማስቸገር ብዬ ዝም አልኩ። ጎብኚ ዝም ሲል አስጎብኚ መዝለል ይለምዳል።

ለመፍረድ ደግሞ አልቸኩልም፤ ምክንያቱም ነገ በዚሁ ሥራ የምገባው እኔ ነኝ። ዓድዋ ላይ ቆሜ ሳስጎበኝ ስለ ድሉ ስናገር አፌ ይሞላል። ከጣልያን ጎን ተሰልፈው ስለተማረኩት፣ እጅና እግራቸው ስለተቆረጠው ኤርትራውያን አስካሪዎችስ? እነሱን እናገራለሁ ወይስ ሰዓቴን አያለሁ? የቬርዱኑን ሰውዬ የምወቅሰው ይህን ጥያቄ ለራሴም ካስቀመጥኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የማስጎብኘት ልምምድ ስንሠራ የምንመዘነው በድምፃችን፣ በቋንቋችን፣ ሰዓት በማክበራችን ነው። ጥሩ ነው። በመመዘኛው ቅጽ ላይ ግን አንድ መስመር ትጨመር፦ “ማንን ዘለለ?” የምትል። ከባድ አይደለችም፤ ባዶዋን ለማስቀረት ግን ብዙ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቸር ይግጠመን።