መልክን በቀዶ ሕክምና ስለ መለወጥ

ሰው መልኩን ማሳመር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በአገራችን በብዙ አካባቢዎች እናቶችና አያቶች አንገታቸውንና ግንባራቸውን ይነቀሱ፣ ድዳቸውንም ያስጠቁሩ ነበር። መርፌው ያማል፤ ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ልጃገረድ ንቅሳት ሳይኖራት ለሰው መታየትን እንደ ጉድለት ትቆጥረው ነበር። ዛሬ ግን ከተነቀሱት ሴቶች መካከል አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ወደ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄዱት፣ ያንኑ ንቅሳት በሌዘር ለማስጠፋት ወደ ሐኪም ይመላለሳሉ። ንቅሳቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። አፍንጫ ለማስቀጠን፣ ጡት ለማስተለቅ ወይም የሆድ ስብ ለማስመጠጥ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሰላስለው የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ስሙ ቅርጽ ማስያዝን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተገኘ ነው እንጂ ሰው ሠራሽ ዕቃ በገላ ውስጥ መቅበር ማለት አይደለም። ሙያውም የተወለደው ለጌጥ አልነበረም። በጥንታዊት ሕንድ አፍንጫቸው ለተቆረጠ ሰዎች ከፊታቸው ቆዳ ወስደው አፍንጫ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው የኒውዚላንድ ተወላጅ ሐኪም ባደረገው ጥረት፣ ፊታቸው በጥይትና በፈንጂ የፈረሰ ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል በ1917 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ሲድካፕ በተባለ ሥፍራ ተከፈተ። በዚያም ከ5,000 በላይ ወታደሮች ታክመዋል። በእኛም አገር የአዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን በማከም የታወቀ ነው። እጁ በጠባሳ ተጨማድዶ እንጀራ መቁረስ ላቃተው ሰው ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ይገባል አይገባም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው አካሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ መልኩን ያልወደደው ሰው ሲመጣ ነው። አበው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላሉ። ተረቱ እውነት ቢሆንም፣ በአፍንጫው ወይም በጆሮው ምክንያት ከልጅነቱ ጀምሮ እየተሣቀበት ላደገ ሰው የሚሰጠው መጽናናት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከንቱ ብሎ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ምኞቱ ከየት እንደመጣ ራሱን መመርመር አለበት። ለዓመታት ያሰበበት ጉዳይ ነው ወይስ እጮኛው ትናንት የተናገረችው ቃል? ከራሱ መስተዋት ያገኘው ነው ወይስ በስልክ ላይ ተቀባብቶ ከቀረበ ፎቶግራፍ? ባሏ እንዳይተዋት ስትል ገላዋን ለምላጭ የምትሰጥ ሴት ችግሯ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚፈታ አይደለም። ሌላው ሰው ከቶ የማያየውን ጉድለት እያየ ቀኑን ሙሉ በመስተዋት ፊት የሚጨነቅ ሰውም አለ። ይህ በሕክምና የታወቀ የአእምሮ ሕመም ነው። የዚህ ሰው አፍንጫ ቢስተካከል ጭንቀቱ ወደ አገጩ ሊዞር ይችላልና፣ የሚያስፈልገው ሐኪም ሌላ ነው።

ስለ አደጋው በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው የቆዳችን ነገር ነው። ቁስል ከዳነ በኋላ ከልኩ አልፎ የሚያብጠው፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ጠባሳ ነጭ ቆዳ ካላቸው ሰዎች ይልቅ በጥቁሮች ላይ ይበዛል። ለጉትቻ ተበስታ የተበሳው የጆሮዋ ክፍል እንደ ባቄላ ያበጠባትን ልጅ ያላየ መምህር ያለ አይመስለኝም። ኬሎይድ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ተመልሶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከፊተኛው ገዝፎ ሊበቅል ይችላል። ስለሆነም በገላው ወይም በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ጠባሳ የታየ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ምንም ጠባሳ አይተውም እያለ የሚያስተዋውቅ ካለም አይታመን፤ ቆዳ ተቆርጦ ያለ ጠባሳ አይድንም፤ የሐኪሙ ብልሃት ጠባሳውን በማይታይ ሥፍራ መደበቁ ነው።

ወጪውም አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ጡት ውስጥ የተቀበረው የሲሊኮን ከረጢት ዛሬ ብዙ የተሻሻለ ቢሆንም ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም። ሊቀደድ፣ በዙሪያው ያለው ሥጋም ሊጠነክር ይችላል። በሃያ ዓመቷ ያስገባችው ሴት ኋላ ለማስወጣት ወይም ለማስለወጥ ዳግመኛ መተኛት ሊኖርባት ነው። በፈረንሳይ አገር ፒ.አይ.ፒ. የተባለው ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ይሞላ እንደነበረ ተደርሶበት ምርቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታገድ፣ ከረጢቱ በብዙ ሺህ ሴቶች ገላ ውስጥ ነበር። መሥራቹ በ2013 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት እሥራት ተፈረደበት፤ ሴቶቹ ግን እንደገና ወደ ሐኪም ቤት መመለስ ነበረባቸው። ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ባዕድ አገር ሄዶ የሚታከም ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን እንደሚያየው ቀድሞ ይወቅ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዲያው ረጅም በረራ መብረር በእግር ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከወጣ ደግሞ ይገድላል።

አካሉ ገና ያላደገ ወጣት ሊቸኩል አይገባም። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አፍንጫ የሃያ ዓመት ሰው አፍንጫ አይደለምና። ያደገውም ሰው ቢሆን በዓመቱ ሐሳቡ ይጸና እንደሆነ ጠብቆ ቢያይ የሚያጣው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ሲሄድ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ማደንዘዣው ሰጪና ስለ ዋጋው መጠየቁ አይቀርም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እመክራለሁ፤ «አይሆንም ብለው የመለሱት ሰው አለ ወይ? ለምን መለሱት?» ሐኪሙ የመለሰው ሰው ከሌለ፣ ሌላ ሐኪም ፈልጎ መጠየቅ ይሻላል።