አሠሪው ምን ይጠይቃል?

የደጎሎንና የመካነ ሰላምን ደጋ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በዚያ አገር ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃዋል። አባቶቻችን በድንጋይና በጭቃ ቤት ሠርተው ብርዱን ሲከላከሉ ኖረዋል። ዛሬ በመንግሥት ገንዘብ የሚቆመው ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ሲሚንቶውም ከሩቅ በከባድ መኪና ተጭኖ ይመጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 የልማት ሥራ አካባቢን እንዳይጎዳ ያዝዛል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ወጥተዋል። እንግዲህ ጉድለቱ ከወዴት ነው? እኛ ከአሠሪው ነው እንላለን።

በአገራችን ትልቁ አሠሪ መንግሥት ነው። በጨረታም ልማድ የተጠየቀውን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ስለዚህ በሰነዱ ያልተጠየቀውን ነገር ሥራ ተቋራጩ ከኪሱ አውጥቶ ቢሠራ በጨረታው ይሸነፋል። እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሰነዱ ምን ይጠይቅ? አንደኛ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ ይመርመር። የጃማ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለሌላ አገር የተነደፈ ፕላን በላዩ ቢቆም ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ድንጋይ ከብሎኬት ጋር በዋጋ ይወዳደር፤ ገንዘቡም ለአገሩ ግንበኛ ይድረስ። ሦስተኛ፣ ጣራው አሸንዳና የውሃ ማጠራቀሚያ ይኑረው። አራተኛ፣ ዋጋ ሲመዘን የግንባታው ብቻ ሳይሆን የሃያና የሠላሳ ዓመቱ ጥገናም ይታሰብ።

ሲሚንቶ ይቅር፣ ወደ ሣር ጎጆ እንመለስ ማለታችን አይደለም። ለማሰሪያና ለምሰሶ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ በላይ እየተቃጠለ የሚገኝ ስለሆነ፣ ከነዳጁም ከድንጋዩም የሚወጣው ጋዝ የዓለምን አየር ያሞቃል፤ ያለ ቦታው ማፍሰሱ በሁለት ወገን ኪሳራ ነው።

«የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ግንባታ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። የጨረታ ሰነድ የሚጻፈው በቃላት ነው። ነገ በየወረዳው ተቀምጠው ያንን ሰነድ የሚጽፉትና የሚፈርሙት ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡ ናቸውና፣ ከወዲሁ እናስብበት።