ስለ አንደበት ሰብከናል፤ ስለ ጥርስስ?



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ጥርስ ነው። ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እናውቃለን፤ እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ፈገግ እንል ነበር። በሐይቅና በአምባሰል በየቤቱ በምናደርገው የጸሎት ኅብረት ስለ አንደበት ስንት ጊዜ እንደተማርን ቆጥረን አንጨርሰውም። የያዕቆብ መልእክት ሦስተኛው ምዕራፍ ከእጃችን አይጠፋም። አንደበት ስለሚኖርበት አፍ ግን አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ያነቃችን አንዲት ወጣት እኅታችን ናት። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ለወራት ሲነዘንዛት ከረመ። ቅርንፉድ ተደረገበት፣ ነጭ ሽንኩርት ተጠቀጠቀበት፤ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። አንድ ሐሙስ ጉንጯ አብጦ ወደ ጸሎት አመጧት። እጃችንን ጭነን ጸለይን። ዓርብም ጸለይን፤ ቅዳሜ ጾመን ጸለይን። እሑድ ጠዋት እብጠቱ ከአገጯ በታች ወርዶ አንገቷን ይዟል፤ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል፣ ድምፅዋም ታፍኗል። ለአምልኮ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ ወንድማችን ባያት ጊዜ መዝሙሩን አቋርጦ “ምን ትጠብቃላችሁ? አሁኑኑ መኪና ፈልጉ!” ብሎ ጮኸብን። ደሴ ደርሳ መግሉ ወጣላት፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጣት፣ ጥርሱም ተነቀለ። ዳነች፤ ጌታ ይመስገን። ሐኪሙ ግን አንድ ቀን ብንዘገይ ኖሮ ትንፋሽ ያጥራት እንደነበር ነገረን።

ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ መግል ከምላስ ሥር ወዳለው ሥጋ ሲሰራጭ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋና የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋል። በጥርስ ሰው ይሞታል ማለት ነው። መጸለያችን አይጸጽተንም፤ ዛሬም እንጸልያለን። የሚጸጽተን ሦስት ቀን መቀመጣችን ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ያስቀመጠን እምነት ብቻ አልነበረም፤ የመኪናው ሂሳብም ነበር። ሂሳቡን ከመጠየቅ መጸለዩ ቀለለን።

ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፉ (25፥19) በመከራ ቀን በከዳተኛ መታመንን ከተሰበረ ጥርስ ጋር ያነጻጽረዋል። የጥርስ ሕመም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። በዚያ ሳምንት ለዚያች ልጅ የተሰበረው ጥርስ እኛ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሙያ ወንድሞችንና እኅቶችን እየጠየቅን የሰማነው ነገር ከጠበቅነው በላይ ሆነብን። አፍ ከሰውነት ተለይቶ የሚታመም ክፍል አይደለም። በመካከላችን በልጅነቱ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልቡ የተጎዳ፣ ዛሬም በየወሩ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ። በአገራችን ይህ ሕመም ብዙ ወጣት ይዟል። እንዲህ ያለ ሰው ድዱ ሲቆስል ወይም ጥርሱን ሲያስነቅል ከአፍ የሚነሣው ተህዋስ በደም ሄዶ የተጎዳው ልብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ ጥርሱን ከመነካቱ በፊት “የልብ ሕመምተኛ ነኝ፣ የወር መርፌ እወስዳለሁ” ብሎ መናገር አለበት። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ስኳሩ ድድን ያቆስላል፣ የቆሰለው ድድ ደግሞ ስኳሩን አልቀንስ ያሰኘዋል። አንዲት እማማ ድዳቸው እየደማ ለዓመታት “እርጅና ነው” ሲሉ ኖረዋል። እኛም አብረናቸው እርጅና ነው ብለናል።

በሕፃናት ላይ የሚደርሰው የበለጠ ያሳዝናል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ኩፍኝ ይዞት ሲያገግም ድዱ ቆስሎ አፉ ክፉ ሽታ ካመጣ ነገሩ ችላ አይባልም። ኖማ የሚባለው በሽታ እንዲህ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን በልቶ ሊጨርስ ይችላል። ገና ሲጀምር ሐኪም ካየው በተለመደ ፀረ ተህዋስ መድኃኒትና በአፍ ንጽሕና ይቆማል፤ ሳይታከም ከቀረ ግን አብዛኞቹን ሕፃናት ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የድሃ ልጅ በሽታ ነው። ስሙን ያልሰማነውም ለዚህ ይመስለናል።

“ግግ”ንም ዝም ብለን አናልፈውም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው “ልጄ፣ ግግ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል” እያሉ ድዱን በስለት የሚያስወጡ አሉ፤ በአማኝ ቤትም ይደረጋል። የሚወጣው ነገር በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ተቅማጡና ትኩሳቱ ሌላ መነሻ አላቸው፤ ስለቱ ግን መድማትን፣ የደም መመረዝን፣ ቴታነስን ያመጣል፣ ኋላ የሚበቅለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። አያቶቻችን በክፋት አላደረጉትም፤ የሚወዱትን ልጅ ለማዳን ነው። ይህን ከመድረክ ብንናገረው ይሰማናል ብለን እናምናለን።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌያችን “መድረክ ለወንጌል ነው፤ ጤናው ለጤና ጣቢያ ይተው” ብለውናል። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ስለ ኤች አይ ቪ ቤተ ክርስቲያን ከመድረክ አስተምራለች፤ ወንጌሉም አልቀነሰም።

ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው እያልንም አይደለም። በጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር መጀመሪያ ላይ ከተዘረዘሩት 16 ጥቅሎች መካከል ለአፍ ጤና ለብቻው የተሰጠ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲደርስ የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል። ለገበሬ ቤተሰብ ጥርስ ማስሞላት ሩቅ ነው፤ የሚያውቀው ሕክምና መንቀል ብቻ ነው። ያም ሆኖ በእጃችን ያለውንም አልተጠቀምንበትም። ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ብዙዎቻችን ደብተሩ አለን። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ ያበጠ ጉንጭ ይዞ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ግን ያገለግላል። “ጥርስ ምን በሽታ ነው” ብለን ደብተሩን ሳጥን ውስጥ እናስቀምጠዋለን።

መፋቂያም አለን። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ ከታኘከና ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጭምር ቀስ ተብሎ ከተፋቀበት ቆሻሻውን ያነሣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚህ ይቀድሙናል። የፍሎራይድ ሳሙና የሚገዛ ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት ይጠቀምበት፤ ብዙዎቻችን የምናጸዳው ጠዋት ብቻ ነው፣ ስኳሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ አፋችን ውስጥ ያድራል።

ስኳር ስንል አንድ ነገር እንናዘዝ። ባለሱቁ ለመልስ ሳንቲም አጣሁ ብሎ ከረሜላ ሲሰጠን እናማርራለን። እኛስ? በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ልጅ ስንሰጥ የኖርነው ያንኑ ከረሜላ ነው። ጎበዙ ልጅ ብዙ ጥቅስ በያዘ ቁጥር ብዙ ጥርስ ሲበሰብስበት ኖሯል።

ያለፈው ወር ዲያቆናቱ ከርኅራኄ አገልግሎት ገንዘብ ለሕመምተኛ መጓጓዣ የሚሆን ለይተው አስቀምጠዋል። ፊቱ ያበጠ፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ሲመጣ ጸሎቱ መኪና ውስጥ እንዲደረግ ተስማምተናል። ለልጆቹም ከረሜላው ቀርቶ የሽምብራ ቆሎ ሆኗል። አጉረምርመዋል። ቆሎውን የምትለቅመው እኅት ጠጠር እንዳታስቀር አደራ ብለናታል።