የልማት ሠራተኛው ዕውቀት የት ገባ?

ምሩቃንን ወደ ገጠር መላክ ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተሰማርተዋል። በቋሚ ቅጥር ረገድ ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ልማት ሠራተኞች ሥልጠና እጅግ ሰፊ ነበር። 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከ60,000 የሚበልጡ ወጣቶችን ያሠለጠኑ ሲሆን፣ ዕቅዱም በየቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳትና አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ መመደብ ነበር።

ምሩቁ ቀበሌው ደርሷል። ዕውቀቱስ?

ማዳበሪያን እንውሰድ። ለረጅም ዓመታት የኤክስቴንሽኑ ምክር በአመዛኙ አንድ ነበር፦ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ። ውሃ ለሚያቁረው መረሬ አፈርም፣ ፎስፈረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አቆራኝቶ ሰብሉን ለሚነፍገው አሲዳማ ቀይ አፈርም ምክሩ ያው ነበር። የአፈር ትምህርት የተማረ ባለሙያ በሁለተኛው አፈር ላይ ኖራ ካልቀደመ የዳፑ ፎስፈረስ በከፊል ባክኖ እንደሚቀር ያውቃል። ሥራው የሚመዘነው ባሠራጨው ኩንታል ከሆነ ግን ያወቀውን እንዲናገር ምን ያነሣሣዋል? እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ብሔራዊ የአፈር መረጃ ሥራ ምክሩ እንደየአካባቢው እንዲለያይ መንገድ ከፍቷል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁንና የአገር ካርታ የአንዱን አርሶ አደር ማሳ ከጎረቤቱ አይለይም። ያን የሚለየው በቦታው የሚኖረው ሰው ነው።

ይኸው ሰው የማዳበሪያ ዕዳ ሲያስከፍል፣ ግብር ሲያሰባስብ፣ ስብሰባ ሲጠራ እንደሚውል ጥናቶች ደጋግመው አመልክተዋል። ዛሬ ለዕዳ ደጃፍ ያንኳኳ፣ ነገ ምክር ይዞ ሲመጣ ማን በሙሉ ልብ ይሰማዋል? በክረምት ትምህርት ዲግሪውን የያዘው ደግሞ ወደ ወረዳ ቢሮ ለመዛወር ይጣጣራል። ማን ይፈርድበታል! የሚጎዳው ግን ልምድ ያካበተውን የሚያጣው ቀበሌ ነው።

በእኔ አስተያየት ከአዲስ ምልመላ በፊት ዕዳ ማስከፈሉ ለሌላ አካል ይሰጥ። የልማት ሠራተኛውም በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ በየዓመቱ አንድ የራሱን ሙከራ፣ ለምሳሌ ኖራ ያለበትንና የሌለበትን መደብ ጎን ለጎን፣ እንዲዘራ ይፈቀድለት፤ ውጤቱ ከታዘዘው ምክር ጋር ቢጋጭም ያለ ሥጋት ይመዝግበው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የሳይንስ ተማሪዎችም እነዚያን መዝገቦች ይዛችሁ ብትሠሩ፣ ከሌላ አገር በተቀዳ መረጃ ከምትሠሩት ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ታገኛላችሁ።