የኦሞን ልጅ መብራት ጠማው! የኤሌክትሪክ መኪናው ትእዛዝ ለማን ነው የወጣው?

ከወላይታ ሶዶ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል እየሰማን አደግን። እኛ ሶዶዎች ተረቱን ወደ ራሳችን ሰፈር ካዛወርነው ሰነባበትን። የኦሞን ልጅ መብራት ጠማው! ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ጊፋታ በገዛ ግቢዬ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ላጫውታችሁና ወደ ቁም ነገሩ እንገባለን።

የእህቴ ባል አዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ቀናውና አንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ለበዓሉ ቤተሰቡን ጭኖ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ሶዶ ሲገባ የባትሪው ቁጥር 11 ፐርሰንት ይላል። አማቼ ገና ተሳስመን ሳንጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሶኬት የት ነው?»

በመስኮት ገመድ አወጣንለት። ሙቹዋው ቀረበ፣ ሥጋው በዳጣ ተበላ፣ ጨዋታው ደራ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም! በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ተመልሶ ሄደ። እንግዲህ አስሉት። የቤት ሶኬት ለመኪና የሚሰጠው ኃይል 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ 30 ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት ይፈልጋል። 30 ሰዓት! ሰኞ ሱቁን ሊከፍት የነበረው ሰው ሐሙስ ጠዋት ነው ከግቢዬ የወጣው። የሰፈር ልጆች በአጥር እያጮለቁ «ጋሼ፣ ቤንዚን በሃይላንድ እናምጣልዎት?» እያሉ ሲቀልዱበት ሰነበቱ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሳወራ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት እንዳልመስልህ። እኔ ጠላትነቴ ከመኪናው ጋር አይደለም። እንዲያውም ሒሳቡን ከማንም ሹመኛ በተሻለ ላስረዳልህ እችላለሁ። አነስተኛ የቤንዚን አውቶሞቢል 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሊትሩ በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ድጎማው መነሳት ሲጀምር፣ ከ50 ብር በታች ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ተሻገረ። ስለዚህ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ700 ብር በላይ ይወጣል። የኤሌክትሪኩ መኪና ለዚያው መንገድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ አስወድጄ አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ6 ብር ልያዘው። ዘጠና ብር! ሰባት መቶና ዘጠና። ዘይት መቀየር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ይህን የሚጠላ ሰው ካለ ወይ ነዳጅ ነጋዴ ነው፣ ወይ መደመርና መቀነስ አልተማረም።

ታዲያ ጥያቄዬ ምንድን ነው? ጥያቄዬ አጭር ናት። ትእዛዙ የወጣው ለማን ነው?

ነገሩ እንዴት እንደመጣ እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጫነ። ደኻው ሊገዛ የሚችለው አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ ያን ጊዜ ነው ከእጁ የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ጉምሩኩም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ፐርሰንት፣ በከፊል ተፈትቶ ለሚገባው 5 ፐርሰንት፣ ጨርሶ ተፈትቶ ለሚገባው ዜሮ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ሰውን በማበረታቻ መሳብ የመንግሥት ወግ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ብቅ አሉና ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አገር አይገባም አሉ። ማበረታቻው ክልከላ ሆነ። በዓለም የመጀመሪያዎቹ ሆንን ተብሎም ተጨበጨበ። ምክንያቱም ተነገረን። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ታወጣለች፣ ዶላሩ ደግሞ የለም።

እውነት ነው፣ ዶላሩ የለም። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ያን ሁሉ ነዳጅ የሚጠጣው ማነው? ከሶዶ ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወጣውን መንገድ አንድ ቀን ቆማችሁ ቁጠሩ። ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ አሁንም አይሱዙ፣ አሁንም ባጃጅ። የቤት አውቶሞቢል በመካከል ብልጭ ትላለች። ሶዶን የተሸከማት ባጃጅ ነው። ነፍሰ ጡሯን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ፣ ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ባጃጅ፣ የገበያ ቀን ቦዬውንና ሙዙን የሚያመላልስ ባጃጅ! ትእዛዙ ታዲያ ማንን አየ? በሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ከፍሎ የቤት መኪና የሚገዛውን ሰው። እሱ ታክስ ተነሳለት። ግቢ አለው፣ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለው። ባለባጃጁስ?

ባለባጃጁን ጠየቅሁት። መናኸሪያው አጠገብ የማገኘው አንድ ልጅ ነው፤ ባጃጇ የሰው ናት፣ እሱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ማደያ ላይ ቤንዚን ሲመጣ ሌሊት ነው የምሰለፈው። ሳይደርሰኝ ካለቀ ከጥቁር ገበያ በሃይላንድ እገዛለሁ፤ ዋጋው እንደ ሻጩ ፊት ነው። ያን ቀን ለባለቤቷ ገቢ አስገብቼ ለራሴ ባዶ እጄን እገባለሁ።» ኤሌክትሪክ ባጃጅ ብትሰጠው ትይዛለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ የት ልሰካት? የተከራየሁት ቤት እኮ ቆጣሪው የአከራዬ ነው። ካውያ ሰካህ ብላ የምትቆጣ ሴትዮ ባጃጅ ታሰካኛለች?»

ከዚህ በላይ ምን ጥናት ያስፈልጋል? ፖሊሲው የሚሰናከልባት እንቅፋት የተከራይ ሶኬት ናት። ባትሪውና ቴክኖሎጂው ተከትለው የሚመጡ ናቸው።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚያርረው። በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት የሚባል ግድብ ቆሟል። 1,870 ሜጋ ዋት! የወላይታው ተወላጅ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ታህሳስ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. መርቀውታል። ከዚያ የሚመጣው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው የት መሰላችሁ? ሶዶ። ከሶዶ ደግሞ ኃይሉ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለወጥና በ500 ኪሎ ቮልት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ ይገባል። መስመሩ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው። ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በ200 ሜጋ ዋት ተጀምሯል። ናይሮቢ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና እንግዲህ ከእኛ ደጅ የወጣ ኃይል ሊደርሰው ይችላል። በዚያው በሶዶ የአማቼ መኪና ግን ጨለማ ውስጥ ተገትራ አራት ሌሊት አደረች።

ልብ በሉ፣ እውነቱን ላለማጣመም አንድ ነገር ልጨምር። ሶዶን የሚያጨልማት የኬንያ ሽያጭ አይደለም። ኃይል መሸጥ ነውር የለበትም፤ ዶላር ያመጣል፣ ይሽጡ። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ተጨምሯል። ኃይሉ አለ። የጎደለው ኃይሉን ከትልቁ ጣቢያ እስከ ደኻው ቆጣሪ የሚያደርሰው የመጨረሻው መንገድ ነው፤ የዛገው ሽቦ፣ የዘመመው የእንጨት ምሰሶ፣ አቅሙ ያለቀው የሰፈር ትራንስፎርመር። አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን መቶ ምናምን ቤት ምጣድና ምድጃ ተሸክሞ ምሽት ላይ ያቃስታል። አሥር ሰዎች በየቤታቸው ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢሰኩበት 70 ኪሎ ዋት ተጫነበት ማለት ነው። ከዚያ ባለመኪናውም ባለኩራዙም እኩል ይጨልማሉ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የሚባል ነገር ቤቱ አልገባም። ይህ ሁሉ ባለበት የቤንዚኑን በር ዘግቶ የኤሌክትሪኩን በር በወጉ አለመክፈት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አይደለም ወይ?

«ኖርዌይ አድርጋዋለች» የሚሉ አሉ። አዎን አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ ከተሸጡ አሥር አዳዲስ መኪኖች ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ፤ ኃይሏም እንደኛ የውሃ ነው። ግን ኖርዌይ ቤንዚን መኪናን አልከለከለችም። ታክሱን ከአንዱ አንስታ በሌላው ላይ ጫነች፣ ቻርጅ ማድረጊያውን በየመንገዱ ተከለች፣ ዓመታት ታገሰች። ኖርዌይ ሀብታም ናት ካላችሁኝ እንግዲያው ኔፓልን እዩ። ተራራማ፣ ደኻ፣ ወደብ የሌላት፣ በውሃ ኃይል የምትኖር አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካትማንዱ ላይ ነገሩን የጀመሩት በባለሦስት ጎማ ታክሲ ነው! ብዙዎቹን የሚነዱት ሴቶች ናቸው። ነጂዋ ባትሪው ሲያልቅ ጣቢያ ገብታ በሞላ ባትሪ ትቀይራለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። የተከራይ ሶኬት ጥያቄ እዚያው ላይ አበቃ። እነሱ ከታች ጀመሩ፤ የእኛዎቹ ከላይ ጀመሩ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በእኛ ሒሳብም ቢሆን የሚያዋጣው ይኸው ነው። ባጃጅ ለ100 ኪሎ ሜትር ከሦስት እስከ አራት ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ ከ300 እስከ 400 ብር በሉት፣ ያውም በማደያ ዋጋ። ኤሌክትሪኩ ባጃጅ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ሃምሳ ብር አይሞላም። ያ ልጅ በቀን 300 ብር ቢተርፈው በወር ስንት ነው? የቤት ኪራይ ነው፣ የእናት መድኃኒት ነው፣ የእህት ደብተር ነው። የቤት አውቶሞቢል ባለቤት የሚቆጥበው ለመዝናኛው ነው፤ ባለባጃጁ የሚቆጥበው ለእንጀራው። ዶላር ማዳን ከሆነ ዓላማው ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው ባጃጅ ይቅደም እንጂ ቤትና ቢሮ ተመላልሳ ቀኑን ቆማ የምትውለው አውቶሞቢል ለምን ትቀድማለች?

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን እላለሁ። ፍርዱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

አንደኛ፣ የኬንያው ሽያጭ ከሚያስገባው ዶላር የተወሰነው ድርሻ ተቆርጦ መስመሩ ለሚነሳበት አካባቢ ማከፋፈያ ይዋል። ኃይሉ በደጃችን ሲያልፍ ሽታውን ብቻ ማሽተት ይብቃን።

ሁለተኛ፣ ቻርጅ ማድረጊያው አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይከማች። የቡታጅራ፣ የሆሳዕና፣ የሶዶ፣ የአርባ ምንጭ መስመር በየመናኸሪያው ጣቢያ ይኑረው። ሶኬቱም አንድ ወጥ ይሁን። የቻይናው ጂቢ/ቲና የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 አይገጣጠሙም። መኪናው ከቻይና፣ ቻርጀሩ ከአውሮፓ ሆኖ ሾፌሩ መካከል ላይ ቆሞ እንዳያለቅስ።

ሦስተኛ፣ የባጃጅ ማኅበራት ባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ የሚያቋቁሙበት ብድር ይመቻችላቸው። ባትሪው የጣቢያው፣ ባጃጇ የልጁ ትሁን።

አራተኛ፣ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ቤንዚን ሞተር ሲፈታ የኖረ መካኒክ በሶዶ ጋራዦች ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲውም የሙያ ትምህርት ቤቶቹም ባሉበት ከተማ ለእነዚህ ሰዎች የባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ትምህርት የማይሰጥበት ምክንያት የለም። ነገ ሥራ ፈት የሚሆነው እኮ የዛሬው ባለሙያ ነው።

አምስተኛ፣ መብራት የሚጠፋ ከሆነ መቼ እንደሚጠፋ ይነገረን። ፕሮግራም ያለው ጨለማ ፕሮግራም ከሌለው ብርሃን ይሻላል።

የታሪክ ማስታወሻ ልጨምርና ላብቃ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ አድማ ከመቱት መካከል የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። የጊዜው ሹማምንት «የታክሲ ነጂ ነገር» ብለው ሳይንቁት አልቀሩም። የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። መሪ የጨበጠ ደኻ ከሹመኛ ቀድሞ የአገሩን ሆድ ያውቃል ለማለት ነው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማወቅ የሚፈልግ ባለሥልጣን ካለ ሶዶ ይምጣ፣ ባጃጅ ይሳፈር፣ ልጁን ይጠይቀው።

አማቼ ሐሙስ ጠዋት ሲሄድ «ለሚቀጥለው ጊፋታ በምን ልትመጣ ነው?» አልኩት። መኪናውን አየ፣ የመብራት ምሰሶውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«በአውቶቡስ» አለኝ።

ቸር ይግጠመን!