የዘር ድንች አፈር ከየት ይምጣ?

በማኅበራት ስብሰባ ላይ የድንች ነገር ሲነሳ ክርክሩ በዝርያ ላይ ነው፤ ጉደኔ ይሻላል፣ የለም በለጠ ይሻላል ይባላል። ስለሚበቅልበት አፈር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጣ ንጹሕ ዘር እንኳ በተበከለ አፈር ከተተከለ ልፋቱ ከንቱ ነው። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በአፈር ውስጥ ይቆያል፤ በዘር ድንቹ ውስጥ ተሸሽጎም ከአንድ አባል ማሳ ወደ መላው ማኅበር ይዛመታል። አንዴ ከገባ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

ስለዚህ በመረብ ቤት የመነሻ ዘር የምታባዙ የማኅበር መሪዎች፣ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ ከተመረተበት መሬት አፈር አታስቆፍሩ። ታርሶ ከማያውቅ ቦታ የተገኘ አፈር፣ የታጠበ አሸዋና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ይበጃል። መረሬ ብቻውን ውኃ ቋጥሮ ድንቹን ያበሰብሳል።

ድብልቁ ደግሞ በእንፋሎት መቀቀል አለበት። ከበርሜሉ ግርጌ ውኃ፣ ከውኃው በላይ የተበሳሳ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ እርጥብ አፈር አድርጎ መክደንና እሳት ማንደድ ነው። ማገዶ እንደሚፈጅ እናውቃለን፤ ለመረብ ቤቱ መደብ እንጂ ለማሳ የሚታሰብ አይደለም። ቴርሞሜትር የለንም የሚል ቢኖር አንድ ጥሬ ድንች አፈሩ መካከል ይቅበር፤ ድንቹ እስኪበስል እሳቱ አይጥፋ። የበሰለው ድንች ለአንዳጁ ምሳ ይሆነዋል።

አፈሩ ሲቀዘቅዝ በታጠበ አካፋ ይዛቅ። ከማሳ በመጣበት ጫማ ወደ መረብ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ ሊቀመንበሩም ቢሆን፣ ከበር ይመለስ።